ከጀልባው ሆድ መዳፍ የምታህል

ጅግጅጋ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለቢታንያ፣ ባለሽበት በቱርክ አገር

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከንዴት በስተቀር ምንም አላመመኝም። ሦስቴ ደውዬልሽ ሦስቴ ዘጋሽብኝ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። እኔ በእጄ ጽፌ ስጨርስ፣ ሒሳቤን የምትይዘው ሳሚያ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። እስከ መጨረሻው ታነቢያለሽ።

በስልክ ያላስጨረስሽኝ ነገር ይህ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሸበሌ ሲሞላ ሰው የሚያወጡ አራት የፋይበር ጀልባዎች አዘዘን፤ እኔንና ሸሪኬን ማሃድን። ሌላ ቦታ ጠይቀው ጊዜው አልደርስ ስላላቸው ነው ወደኛ የመጡት። ደግሞስ ከኛ ወዲያ ማን አለ? ከቶጎጫሌ እስከ ደገሀቡር በየሰው ግቢ የቆመው የፋይበር ታንከር የማን እጅ ነው? የተሰባበረ የአይሱዙ ጋቢናስ ማን ይጠግናል? ጀልባ ማለት አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተ ታንከር ነው። አራቱንም ሠርተን አስተካክለን ጨርሰናል፣ ቀለማቸው ብቻ ቀርቷል።

አሁን ታዲያ ድርጅቱ አንድ ወረቀት አምጡ አለን። የጀልባው ቀፎ ጥንካሬ ተሰልቶ፣ ዐሥራ ሁለት ሰው ከነሞተሩ እንደሚችል ፈቃድ ያለው መሐንዲስ የፈረመበት ወረቀት። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «የእህቴ ልጅ ሥራዋ ይኸው ነው፣ ቱዝላ የመርከብ መሥሪያ ሰፈር ተቀምጣ ለትንንሽ ጀልባዎች ሰርተፍኬት የምታሰጥ እሷ ናት» አልኳቸው። አንቺ ደግሞ «ሳላሰላ አልፈርምም» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ጠረቀምሽው።

ስሌት ከሆነ ጭንቅሽ፣ እኔ ከስሌት የሚበልጥ ፈተና ፈትኜዋለሁ። አንዱን ጀልባ ግቢው አሸዋ ላይ አስቀምጬ፣ የውሃ ቦቴ አስጠርቼ እስከ አፉ ሞላሁት። ቅዳሜ ሞልቼው እስከ ረቡዕ ጠብታ አልወጣውም። ማሃድ ጎን ጎኑን በእጁ እየዳሰሰ ሲዞረው ነበር። በጅግጅጋ ያን ያህል ውሃ ለሙከራ መድፋት ምን ማለት እንደሆነ አንቺ አታጪውም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰደበኝ።

ሶማሌዎቹ ደይር የሚሉት ዝናብ በጥቅምት ይገባል። አንዲት ፊርማ ናት የጠየቅኩሽ። ስታነቢ ወዲያው መልሺልኝ።

አጎትሽ ካሳሁን


ቱዝላ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ካሳሁን

ጤናዎ እንደምን ነው? ከልብ እጅ እነሣለሁ። ስልኩን የዘጋሁት አባት ሆነው ያሳደጉኝን ሰው እንዳልሳደብ ፈርቼ ነው። በጽሑፍ ከሆነ አፌን እይዛለሁ ብዬ ነበር። ስለ ቦቴው ሳነብ ግን እሱም ጠፋኝ።

ጀልባ ውስጥ ውሃ ሞሉ? ያውም አሸዋ ላይ አስቀምጠው? ጋሼ፣ ያ ፈተና የሚያሳየው ጀልባው ጥሩ የከብት ማጠጫ ገንዳ እንደሚወጣው ብቻ ነው። እንደማያፈስ አይተዋል፤ እንደማይሰበር ግን አላዩም።

ታንከር ውሃውን የሚይዘው በውስጡ ነው። ክብ ስለሆነ ይወጠራል እንጂ አይታጠፍም፣ ከታች ደግሞ መሬት ይደግፈዋል። ጀልባን ውሃ የሚመታው ከውጭ ነው፣ ያውም ሆዱን። ሰው ጭኖ በሞተር ሲሮጥ ማዕበሉ ያነሳውና ይጥለዋል፤ በወደቀ ቁጥር ሆዱ ላይ ጥፊ ያርፋል። ሆዱ ይጎብጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጎብጣል። እኔ እዚህ ቀኑን ሙሉ የማሰላው ያንን ጥፊ ነው። ስታንዳርዱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አሸዋ ላይ የተኛን ጀልባ ማን በጥፊ መታው?

ስለዚህ የቀፎውን ውፍረት ከሆዱ በኩል ለክተው ይንገሩኝ። የፋይበሩ ጨርቅ ስንት ድርብ ሆኖ እንደተነጠፈና ሆዱን ከውስጥ በሚደግፉት አግዳሚዎች መካከል ያለውን ርቀት ይጻፉልኝ። ከሁሉም በላይ፣ ከአንዱ ጀልባ ሆድ መዳፍ የምታህል ቆርጠው በሰው ይላኩልኝ። እዚህ ማሽን ላይ አድርጌ እሰብራታለሁ። በምን ያህል ኃይል እንደምትሰበር ሳላይ ስሜን አላሰፍርም። የተቆረጠውን ቦታ በአንድ ቀን ይደፍኑታል።

ዐሥራ ሁለት ሰው ደግሞ አሉኝ። ከቀብሪበያ የሚመጣው ሚኒባስም በሩ ላይ ዐሥራ ሁለት ሰው ነው የሚለው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ስንት ሆነን እንደምንገባ አይጠፋዎትም። ዐሥራ ሁለት ብዬ ብፈርም ሃያ ነው የሚጫነው። ውሃ ላይ ደግሞ ጠጋ ጠጋ የለም።

የማሃድን እናት፣ ኤዶ ሀሊሞን፣ እንደምን ናቸው ይበሉልኝ። አሁንም ሸበሌ ዳር ዘመዶቻቸው ጋ ናቸው?

ልጅዎ ቢታንያ


ጅግጅጋ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለኢንጂነር ቢታንያ

አዲሱን ዓመት የልብ ማስተዋያ ያድርግልሽ። ሌላ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

የከብት ማጠጫ ገንዳ አልሽው? ማሃድ «ምን አለች?» ሲለኝ አፍሬ ዋሸሁት። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው። አንቺ ቱርክ የተማርሽው ማን በሠራው ታንከር ነው? በ2010 ነሐሴ ጋራዡ ሲቃጠል እንኳ ከአመድ ላይ ተነሥቼ ሠራሁ እንጂ «አልቻልኩም» ብዬሽ አላውቅም።

ስለ ኤዶ ሀሊሞ ጠየቅሽ። አዎ፣ ሸበሌ ዳር ናቸው። ያኔ ጋራዡ በተቃጠለበት ረብሻ፣ አንቺ ለእረፍት መጥተሽ፣ ሁላችንንም ቤታቸው አስገብተው፣ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሊገድሉን የመጡትን «ሬሳዬን ተራምዳችሁ ግቡ» ያሉት ሴትዮ። እዚሁ ጅግጅጋ ሁለት ክፍል ቤት ነበረቻቸው፤ ስንት ሰው እንደገባ አልቆጠሩም። አሁን ወንዙ ሲሞላ ለእሳቸው የሚደርስላቸው ይህ ጀልባ ነው። አንቺ ግን ቁራጭ ላክልኝ ትያለሽ።

ደህናውን ጀልባ በገዛ እጄ ልቅደድ? ታንከር ቀድጄ «እዩት፣ ጠንካራ ነው» ብዬ ስሸጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? የተጣፈ ጀልባ ይዤ ድርጅቱ ፊት ልቅረብ? ውፍረቱ አውራ ጣቴን ያህላል፣ ከአፉ ጠርዝ ላይ እኔው ራሴ ለክቼዋለሁ። ይህ ካልበቃሽ የሚበቃው ሰው አግኝቻለሁ። ድሬዳዋ አንድ መሐንዲስ አለ፣ ፎቶውን አይቶ ይፈርማል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ እኔ ነኝ ካንቺ የጠበቅሁ።

ያበጠው ይፈንዳ!

ካሳሁን


ቱዝላ፣ መስከረም 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ ካሳሁን

እንኳን አደረሰዎ።

የለኩት ጠርዙን ነው። ጠርዝ ምን ጊዜም ወፍራም ነው፤ ጨርቁ እዚያ ላይ ታጥፎ ይደራረባል። እኔ የጠየቅሁት ሆዱን ነው። ሆዱን ለማወቅ ከመቁረጥ ሌላ መንገድ ቢኖር ይቁረጡ አልልም ነበር።

አልጋ ያስቡ ጋሼ። ርብራቡ ተቀራርቦ ሲደረደር ቀጭን ጣውላም ሰው ይሸከማል። ርብራቡን ቢያራርቁት ያው ጣውላ ይጎብጣል። ርቀቱን እጥፍ ቢያደርጉት ደግሞ ጉብጠቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ ዐሥራ ስድስት እጥፍ ነው። ይህን እኔ አላወጣሁትም። እኔን ቢሰድቡኝ ቁጥሩ አይቀየርም።

የድሬዳዋውን ሰውዬ ወረቀት ካስገቡ ለድርጅቱ ራሴ እጽፋለሁ። እያስፈራራሁዎት ሳይሆን ቀድሜ እየነገርኩዎት ነው፤ ከኋላ መውጋት አላስተማሩኝም። ኤዶ ሀሊሞንም ዱላ አድርገው አያንሡብኝ። ጀልባው መሃል ወንዝ ላይ ቢሰነጠቅ የሚሰጥሙት እሳቸው አይደሉም?

ሳይቃጠል በቅጠል። ይቁረጡና ይላኩልኝ።

ቢታንያ


ጅግጅጋ፣ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቢታንያ፣

ሰላምታው ይቆየን፣ ጊዜ የለም።

እንዳልሽው ለድርጅቱ ጻፍሽ፤ የድሬዳዋውንም ወረቀት ጣሉት። ጀልባዎቹ ግቢዬ ውስጥ ተደፍተው ቀሩ። ሁለት ወር ስምሽ ሲነሣ ከቤት እየወጣሁ ከረምኩ። ሳሚያ «ጻፍላት» ባለችኝ ቁጥር ጮኽኩባት።

ሸበሌ ሞልቷል። ዘንድሮ ሽማግሌዎቹም እንዲህ አላየንም ይላሉ። የኤዶ ሀሊሞ መንደር ውሃ ውስጥ ነው፣ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ድርጅቱ ያለ ወረቀት አንነካም አለ። ማሃድ ግን ድርጅት አይደለም፣ ልጅ ነው። ዛሬ ጠዋት አንዱን ጀልባ ከነሞተሩ በአይሱዙ ጭኖ ወጣ። «እናቴን ወረቀት እስኪመጣ ጠብቂ ልበላት?» አለኝ። ሌሎቹን አልወሰደም፤ ሌላ ሞተር አላገኘም።

መኪናው ከግቢ እንደወጣ ግራይንደሩን አነሣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ባንቺ ተናድጄ፣ ውሸታም ላደርግሽ ይመስለኛል። ከቀሩት ጀልባዎች የአንዱን ሆድ መዳፍ ያህል ቆረጥኩት።

አራት ድርብ ነው። አራት ሚሊሜትር። በአግዳሚዎቹ መካከል ዘጠና ሳንቲም አለ። ጎኑ ግን ከሆዱ እጥፍ ይወፍራል።

ቁራጯን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ ገባኝ። ታንከር ስንሠራ ጎኑን እናወፍራለን፣ ከታች ግን መሬት ስለሚሸከመው እንቆጥባለን። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የሠራነው። ጀልባውንም እጃችን በለመደው መንገድ ሠራው። ማንም አልሰረቀ፣ ማንም አላሰበ። ጥፊ የሚያርፍበትን ቦታ አሳሳሁት።

ፊርማሽን አልፈልግም። ቁጥር ስጪኝ። ይህ ጀልባ እንዲሁ እንዳለ ስንት ሰው ይችላል? ማሃድ ደገሀቡርን ካለፈ ስልኩ ይጠፋል። ፍጠኚ!

ካሳሁን


ቱዝላ፣ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣

አምስት። ማሃድን ጨምሮ አምስት። ሕፃንም ይቆጠራል።

ሞተሩን ቀስ አድርጎ ይንዳ፣ እንዳይሮጥ። ማንም አይቁም። ወለሉ ላይ ጣውላ አንጥፎ ሰዎቹን ተራርቀው ያስቀምጣቸው፣ ክብደቱ አንድ ቦታ እንዳያርፍ። ውሃው ውስጥ የተደበቀ ግንድ ካለበት ይራቅ። ስድስተኛ ሰው እንዳያሳፍር፣ ማንም ቢሆን። አሁኑኑ ደውለው ይንገሩት፣ ከዚያ ተመልሰው ቀሪውን ያንብቡ።

ነገሩት? እንግዲህ ልናገር። በነሐሴ ይህችን ቢቆርጧት ኖሮ አራቱም ጀልባ ዛሬ ወንዙ ላይ ነበር። እንዲህ የምለው ተናድጄ ነው። በእኔም ነው ንዴቱ። ዐሥራ ሁለት ሰው ይችላል ወይ አሉኝ፣ አይታወቅም አልኩ፤ እዚያው ላይ ቆምኩ። ስንት ይችላል ብዬ፣ ያለውን ይዤ ልሥራ ብዬ አልተነሣሁም። ትክክል መሆኔ በቅቶኝ ነበር።

እንደደረሰ ይጻፉልኝ።

ቢታንያ


ጅግጅጋ፣ ኅዳር 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለቢታንያ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከዚህ ቃል ቀጥሎ የምነግርሽን ገምተሻል።

ማሃድ አልነገረኝም፣ ስልኬን አያነሣም። የነገረኝ የአይሱዙው ሾፌር ጀዕፈር ነው። ቁጥርሽ ደርሶት ነበር። ኔትዎርክ ሊጠፋ ሲል አገኘሁትና «አምስት! አምስት ሰው!» እያልኩ ስጮህ «ሰማሁ» ብሎ ዘጋው።

ማሃድን ታውቂዋለሽ፤ እሱ ሰው መልስ ቢሉት አይችልም። በዚያ ቀን ግን መለሰ። አራት አራት ሰው ብቻ እየጫነ አወጣ። ሰው ጀልባው ላይ ሲንጠለጠል በመቅዘፊያ ያስለቅቅ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ የገዛ አጎቱ፣ «አንተ ሰው ነህ?» ብለው ፊቱ ላይ ተፉበት። ጀዕፈር አንዴ አብሮት ገብቶ ነበር፤ የጀልባው ሆድ ከእግሩ ሥር እንደሚተነፍስ ከብት ከፍ ዝቅ ይል ነበር አለኝ። አልተሰነጠቀም። እስከ መጨረሻው አልተሰነጠቀም።

ኤዶ ሀሊሞ ከጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ ሱቅ ጣሪያ ላይ ነበሩ። ማሃድ ሲደርስ ሕፃናቱን አስቀደሙ። ሁለተኛ ሲደርስ እናቶቹን ሰጡት። «ሆዮ፣ እናቴ፣ ነይ ግቢ» ብሎ ለመናቸው፣ ጀዕፈር በጆሮው ሰምቷል። «ስድስተኛ አይገባም ብለሃል አይደል? እኔን ስድስተኛ አታድርገኝ፣ ሂድና ተመለስ» አሉት። ሲመለስ ግድግዳው ወድቋል። ጣሪያው የለም። በሦስተኛው ቀን አገኟቸው፣ ቀበሯቸው።

ሦስት ጀልባ ግን እዚህ ግቢዬ ውስጥ ተደፍቶ ነበር።

ጽፈሽ ባታስከለክይኝ ብዬ ልናደድብሽ ሞከርኩ። እውነቴን ነው፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሞከርኩ። ግን አራቱም ቢሄዱ ዐሥራ ሁለት፣ ከዚያም ሃያ ይጭኑ ነበር፤ በዚያ ሆዳቸው መሃል ወንዝ ላይ ይከፈቱ ነበር። ንዴቴ የሚያርፍበት ሲያጣ ዞሮ ወደ እኔ መጣ። ያቺን መዳፍ የምታህል ለመቁረጥ ምን ገደደኝ? የተጣፈ ጀልባ እንዳይባልብኝ!

የሦስቱንም ሆድ ዛሬ መፋቅ ጀመርኩ። ስንት ድርብ ላንጥፍ? አግዳሚውን በስንት ርቀት ላድርግ? ከእያንዳንዳቸው ቆርጬ እልክልሻለሁ። አታዝኚልኝ፣ ስበሪው።

ካሳሁን


ቱዝላ፣ የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ካሳሁን

ነፍሳቸውን በጀነት ያኑርልን። እኔ እስከ ዛሬ የምኖረው እሳቸው ደጃፍ ላይ ስለተቀመጡ ነው፤ ያኔ «ሞልቷል፣ ውጪ» ብለውኝ ቢሆን እዚህ የለሁም። የለመድኩትን ስሌት ስሠራ አሁን እሳቸው ይታዩኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔን ነው።

ያልኩዎትን ሠርተዋል፣ ሦስቱም ቁራጮች ደርሰውኛል። ማሽኑ ላይ ሰበርኳቸው። ሁለቱ ስታንዳርዱ ከሚለው በላይ ችለው ነው የተሰበሩት፤ ጋሼ፣ አለቃዬ «የየት አገር ሥራ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል።

ሦስተኛው አላለፈም። መሃሉ ላይ የማጣበቂያውን ሬዚን ያልጠጣ ደረቅ ጨርቅ አለበት። ምናልባት ያቺ ቦታ ብቻ ናት፣ ምናልባት ሌላም አለ። አላውቅም፣ ስለማላውቅም አልፈርምም። ያፍርሱት። እንደሚናደዱ አውቃለሁ። ይናደዱ፣ ግን ያፍርሱት።

ለሁለቱ ፈርሜያለሁ። ዐሥር ሰው ነው ያልኩት። ጭነቱን ያሰላሁት ግን «ጠጋ ጠጋ» እንደሚባል አውቄ፣ ለትርፉም ቦታ ትቼ ነው። ይህን ለማንም አይንገሩ። ዐሥር የሚለውን በአማርኛም በሶማሊኛም ጎናቸው ላይ በትልቁ ያስጽፉልኝ።

ልጅዎ ቢታንያ


ጅግጅጋ፣ መጋቢት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለቢታንያ፣

ሚካኤል ከክፉ ይሰውርሽ፣ እጅሽን አያዝለው።

ሦስተኛውን አፈረስኩት። እየተሳደብኩ ነው ያፈረስኩት፣ ግቢው ሁሉ ሰምቶኛል፤ በሁለት ቦታ ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። እንደገና ሠርቼ የላክኩት ቁራጭ አለፈ ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ እንቅልፍ ተኝቻለሁ። ድርጅቱም ወረቀትሽን ተቀበለ፤ ጀልባዎቹን አስረክቦ የሚመጣ ሰው ሲፈልግ ማሃድ እኔ እሄዳለሁ አለ።

ትናንት መጣ። ከኅዳር ወዲህ ግቢዬን ረግጦ አያውቅም። ከስቷል። ሰላም አላለኝም። አንዱን ጀልባ ከጀዕፈር ጋር ገለበጠና ሆዱን በመዶሻ እጀታ መታ መታ እያደረገ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ድምፁን እየሰማ ነበር።

«ስንት ሰው?» አለኝ።

«ዐሥር።»

«ቢታንያ ፈረመች?»

«ፈርማለች።»

ሦስቱንም ጫኑ። እኔ ገመድ ላቀብለው ስል ጀዕፈር ተቀበለኝ። ማሃድ አስሮ ሲጨርስ ከመኪናው ወረደና ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ካሳሁን፣ ይሄን ሆዱን ደግመህ ስትሠራ ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ለሦስቱ ሁለት ወር ግድም ነው» አልኩት።

ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት።

«ይደርስ ነበር» አለኝ።

ልጄ፣ ብዙ መልስ ነበረኝ። ድርጅቱ፣ ዝናቡ፣ አንቺ፣ የድሬዳዋው ሰውዬ። ሁሉም አፌ ላይ መጣ።

«ይደርስ ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። እጁን አልሰጠኝም፣ እኔም አልዘረጋሁም። መኪናው የደገሀቡርን መንገድ እስኪይዝ በር ላይ ቆሜ አየሁት።

አጎትሽ ካሳሁን